ያው መምህር

በሩ ሲከፈት ሉኒባ ከዴስኩ ሥር ልትገባ ምንም አልቀራትም። ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ ጠርዙ የወየበ ደብተሩን በብብቱ ይዞ የገባው ሰው ቲቸር ቶያናት ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ሒሳብ ያስተማራት፣ ያው ቲቸር ቶያናት።

«ምን ሆነሻል? ጂኒ ያየሽ ትመስያለሽ» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችው የሰፈሯ ልጅ ሳሚክሻ።

«የእኛ የሒሳብ አስተማሪ ነው።»

«ባክሽ አትፎግሪ! የእናንተ አስተማሪ እዚህ ምን ይሠራል?»

ሉኒባም ማወቅ የፈለገችው ይህንኑ ነበር። በታንሴን ከተማ ከዚህ የግል ትምህርት ቤት ይልቅ ክፍያው የሚወደድ የለም። ዛሬ የመጡት ለነፃው የሙከራ ሳምንት ነው፤ ምዝገባው የፊታችን ሰኞ ነው።

እዚህ ለመግባት ስትል ያላደረገችው አልነበረም። አሥረኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት እንደጨረሰች፣ አሥራ አንደኛንና አሥራ ሁለተኛን እዚህ ካልተማርኩ ብላ ሁለት ቀን ምግብ አኩርፋለች። የትምህርት ቤቱን አውቶቡስ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚወራበትን ግቢ እያሰበች አልቅሳለች። በሦስተኛው ቀን አባቷ «እሺ፣ ትገቢያለሽ» አላት። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ የሰማችው ቆይታ ነው። አባቷ የነሐስ ማንቆርቆሪያ የሚሠራበትን ሱቅ ዘግቶ፣ ሕንፃ ሥራ ላይ ሊቀጠር ለሦስት ዓመት ኳታር ይሄዳል። ቪዛው ወጥቷል፤ የቀሩት አሥራ ሁለት ቀናት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሉኒባ በየማታው ቀኑን ትቆጥራለች። እምቢ እንዳትል ራሷ ለምናለች፤ ዝም እንዳትል ደግሞ የሚሄደው አባቷ ነው።

ቲቸር ቶያናት ሰሌዳው ላይ ሁለት አውቶቡሶች ሣለ። አንዱ ከታንሴን ወደ ቡትዋል ይወርዳል፣ ሌላው ከቡትዋል ይወጣል። የሚወጣው ሾፌር ሻይ አምሮት መንገድ ላይ ይቆማል። አምና ሉኒባና ጓደኞቿ የሳቁት እዚችው ሾፌሩ ጋ ሲደርስ ነበር። የዚህም ክፍል ልጆች እዚችው ላይ ሳቁ።

ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ በኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«ሉኒባ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እርስዎስ ቲቸር?» አለች፤ አፏ አመለጣት።

ሳቀ። «ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ ሦስት ተኩል እዚህ ነኝ። ከአራት ሰዓት ጀምሮ ደግሞ እናንተ ጋ፣ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል። በመካከል ያለችው ዳገት ናት የምትገድለኝ።»

«እዚህ ሲያስተምሩ ይለያል?»

«እኔማ በምን እለያለሁ? ግን ልዩነት የለም ብዬ አልዋሽሽም። የእነሱ ላብራቶሪ የእውነት ላብራቶሪ ነው፤ የእኛው ቁም ሳጥን ነው። በእንግሊዝኛም ይበልጡናል። አስተማሪዎቹን ከጠየቅሽኝ ግን፣ የሳይንስ ክፍል ከምናስተምረው ስድስታችን አራታችን ያቺን ዳገት አብረን ነው የምንወጣት።»

«የእርስዎ ልጅስ የት ነው የምትማረው?»

ቲቸር ቶያናት መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ መልሶ አጠለቀው።

«እዚህ» አላት። «ለመምህራን ልጆች ቅናሽ አለ። ቅናሹ ባይኖር እንጃ። ሰው ልጁ ላይ ሲደርስ ፈሪ ይሆናል። ስለዚህ እኔን አትጠይቂኝ።» ሰዓቱን አየና ወደ ዳገቱ ፈጠነ።

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅበት ነበር። ዛሬ ግን ሳይዋሻት በመሄዱ ወደደችው።

«በቃ አልገባም» አለች ለሳሚክሻ።

«አብደሻል? እናትሽ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ! ሼም ነው እኮ።» ሳሚክሻ ከንፈሯን ጣለች። «ደግሞ እኔን ለማን ጥለሽኝ ነው?»

«ለማንም። ጎረቤቴ አይደለሽ እንዴ?»

አባቷ ሱቁ ውስጥ መዶሻዎቹን ዘይት እየቀባ በጨርቅ ይጠቀልል ነበር። ሦስት ዓመት ተቀምጠው እንዳይዝጉ ነው።

«አባዬ፣ እዚያ መማር አልፈልግም።»

«አልሰማሁሽም።»

«ሰምተኸኛል።»

«ምግብ አኩርፈሽ ቤቱን ያመስሽው አንቺ አይደለሽም?» ድምፁ ከፍ አለ። «ደረቴን ራጅ ያስነሣሁት፣ ደሜን ያስቀዳሁት ለማን መሰለሽ? ማን ነው የነካሽ? ድሃ ናት አሉሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም።» ሁሉንም ነገረችው። ስለ ቲቸር ቶያናት፣ ስለ አራቱ አስተማሪዎች ነገረችው። ላብራቶሪውንና እንግሊዝኛውንም አልደበቀችም። «ልዩነት አለው አባዬ። ግን አንተ ስትመለስ እኔ ጨርሻለሁ። አንዷንም ቀን አታያትም። ይህን ሁሉ የሚያስከፍል ልዩነት ግን የለውም።»

አባቷ የተጠቀለለውን መዶሻ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ የሚያፍር ልጅ መስሎ አቀረቀረ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእናትሽ ግን አትንገሪያት። የጤና ምርመራው ላይ ሆን ብዬ ሳልኩ።»

«ምን?»

«ሳንባው ደህና አይደለም ብለው እንዲጥሉኝ። ደጋግሜ ሳልኩ። ሐኪሙ 'ውሃ ጠጣበት' አለኝና ማኅተሙን መታልኝ።»

ሉኒባ ቀድማ ሳቀች፤ እሱም ተከተላት። እየሳቀች እንባዋ ወረደ።

«ሳሚክሻ በዚያ አውቶቡስ ስታልፍ ስታያትስ?» አላት አባቷ ዓይኑን እየጠረገ።

«እቀናለሁ።»

«ብዙ?»

«ብዙ። ከዚያ ይለቀኛል።»

ይህን ጊዜ ስልኩ ጠራ። የሚልከው ደላላ ነበር። አባቷ ስልኩን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ፤ ሳያነሣው ሦስት ጊዜ ጠራ። አሁን እንኳ አንዲት ቃል ብትናገር ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለስ ነበር። ሉኒባ ስልኩን አንሥታ ጆሮው ላይ ያዘችለት።

«ወንድም፣ አልሄድም» አለ አባቷ። በወዲያኛው ጫፍ ጩኸት ተሰማ። «ገብቶኛል። ልጄ ትምህርት ቤት አላት፤ ከቤታችን አሥር ደቂቃ ነው። አልሄድም አልኩህ እኮ።» ሁለተኛውን ጮክ ብሎ ነበር ያለው፤ ቃሉ ጣፍጦታል።

ሉኒባ ጫማዋን አጠለቀች። እናቷ ከገበያ ስትመለስ፣ ለአንድ ተጨማሪ ጎረቤት ከማውራቷ በፊት መንገድ ላይ ማግኘት አለባት። ምን እንደምትላት ገና አላወቀችም። ቁልቁለቱን ግን በሩጫ ወረደችው።