የሃያ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ጭረት

ወይዘሮ ፉሚዬና ሳጅን ያጉቺ ጎን ለጎን ሲቆሙ መንደሩ ፈገግ ይላል። እሳቸው የሰባ አንድ ዓመት፣ ከበረዶ መዛቂያ አካፋቸው ብዙም የማይረዝሙ፣ እግር አይተው ባለቤቱን የሚያውቁ፣ ቆመው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበትን ሰሌዳ የሚያከራዩ ናቸው። እሱ ከወደብ ከተማ ተዛውሮ የመጣ፣ በረዶ ላይ ሲራመድ ግድግዳ የሚይዝ ረጅም ፖሊስ ነው።

በዚያ ጠዋት ግን ማንም ፈገግ አላለም። የኮዙዌ ሰሌዳ ጠፍቷል።

ኮዙዌ የወይዘሮ ፉሚዬ የልጅ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ አሥራ ዘጠኝ፣ እግሯ ሃያ ሰባት ሴንቲ ሜትር። ለሴት ተብሎ በሚሠራ ሰሌዳ ላይ ስትቆም የጫማዋ ጫፍ ከጠርዙ ይተርፍና በታጠፈች ቁጥር በረዶውን እየቧጠጠ ይጥላታል። ሁለት ክረምት ወደቀች። አሠልጣኟ “እግርሽን አሳጥሪ” ብሎ አላገጠባት። ወይዘሮ ፉሚዬ ግን “ሰው ሰሌዳ የሚመርጠው ቁመቱን ከአገጩ ጋር እያስተያየ ነው፤ አገጭ መቼ ተንሸራቶ ያውቃል?” አሉና እግሯን ለክተው፣ ክብደቷን መዝነው፣ ወገቡ የሰፋ ሰሌዳ አሠሩላት። ከዚያ ወዲህ አልወደቀችም።

የውድድሩ ማጣሪያ ነገ ነው። አባቷ ሞሪሂኮ ደግሞ ቃል አስገብቷታል፤ ዘንድሮ ካላለፈች ውድድሩን ትታ የቤተሰቡን የእንግዳ ማረፊያ ልትይዝ።

“በኪራይ ሰሌዳ ብትወዳደሪስ?” አለ ሳጅኑ።

“አንተ በሰው ጫማ ሮጠህ ታውቃለህ?” አለች ኮዙዌ።

“እሺ። ማን ማን አደረ?”

“እኔ፣ አያቴና አባዬ። እንግዳ አንድ ብቻ፤ ሪካኮ። እሷም ነገ ትወዳደራለች።”

“የት ናት?”

“ጎህ ሲቀድ በመኪናዋ ወጥታለች።”

ሳጅኑ ማስታወሻውን ዘጋ። “ተቀናቃኝ፣ ጎህ፣ መኪና። አለቀ።”

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” አሉ ወይዘሮ ፉሚዬ። “ና፣ ግድግዳውን ይዘህ ተከተለኝ።”

በረዶው መጣሉን ያቆመው ሊነጋ ሲል ነበር። ከኪራይ ሱቁ ጓሮ አንድ ሰፊ፣ ትኩስ የሰሌዳ ዱካ በዛፎቹ መካከል ቁልቁል ወርዷል። አሮጊቷ ጎንበስ አሉ። የእግር ጣት ባለበት በኩል በታጠፈው ኩርባ ሁሉ፣ ከጠርዙ መስመር አጠገብ፣ ትናንሽ ጭረቶች ነበሩ።

ጭረቶቹን በጣታቸው ለኩ። በእግራቸው አንዴ ቢደመስሱት ማንም አያውቅም ነበር። አልደመሰሱትም።

“የሪካኮ እግር ሃያ ሁለት ተኩል ነው” አሉ። “መግቢያው ላይ ጫማዋን ስታወልቅ አይቻለሁ፤ የቤቱ ነጠላ ጫማ ታንኳ ሆኖባት ነበር። በዚህ ሰፊ ሰሌዳ ላይ ጣቷ ጠርዙ ጋ እንኳ አይደርስም። በምኗ ትቧጥጣለች?”

“ኮዙዌ ራሷስ ብትሆን?” አለ ሳጅኑ።

“የገዛ ሰሌዳዬን?” አለች ተከትላቸው የመጣችው ኮዙዌ፤ ዐይኗ ተንቦገቦገ።

“በእሷ እግር ተለክቶ የተሠራ አይቧጥጥም” አሉ አሮጊቷ። “ ይኼ ከእሷ የሚበልጥ እግር ነው። ደግሞ ልብ በል ሳጅን፤ ሊደብቅ ብቻ የመጣ ሰው ተሸክሞት ይሄዳል። ይኼኛው ተንሸራቶበታል። ሰባት ጊዜ ታጥፏል። ደስ ብሎታል።”

ዱካው የሚያበቃው በተጠረገው መንገድ ዳር፣ ጎመን በበርሜል በሚያኮመጥጡበት ጎጆ በር ላይ ነበር። ሰሌዳው ከበርሜሎቹ ጀርባ ተገኘ። ኮዙዌ እንደ ሕፃን አቀፈችው።

ወይዘሮ ፉሚዬ ግን ወደ ቤት ተመልሰው ወደ ማድረቂያው ክፍል ገቡ። ሃያ ሁለት ዓመት ከሚስማሩ ሳይወርድ የኖረ አንድ ትልቅ ቦት ጫማ ውሃ ያንጠባጥባል።

ሞሪሂኮ ቁርስ ላይ ነበር፤ ኮዙዌና ሳጅኑም ተከትለው ገቡ።

“ልጄ፣ ቦትህ ለምን ራሰ?”

“ቤቱ እርጥበት አለው፣ እማዬ።”

“ማድረቂያ ክፍል ውስጥ?”

ሞሪሂኮ የሾርባ ሳህኑን ወደ አፉ አነሳ።

“ሃያ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር። ከመጀመሪያዋ ጫማህ ጀምሮ የለካሁት እኔ ነኝ። ጭረትህን አላውቀውም?”

የሾርባ ሳህኑን አስቀመጠ። “እንዳትወዳደር ልደብቀው ብቻ ነበር። ጉልበቴ እንዴት እንደተሰበረ ታውቂያለሽ፤ ጠባብ ሰሌዳ፣ ጣቴ በረዶው ውስጥ ሲሰካ። እሷም እንዳትሰበር ፈራሁ።”

“ፈርተህ ብቻ ነው?” አለች ኮዙዌ።

ዐይኗን ሸሽቶ ወደ ሰሌዳው አየ። “ቀንቻለሁም። ለእኔ እንዲህ ያለ ማንም አልሠራልኝም። ሳነሳው ሰፊ ሆኖ አገኘሁት። አንዴ ብቻ ልቁምበት አልኩ።”

ሳጅኑ ኮፍያውን አነሣ። “እንግዲህ የቤተሰብ ገመና ከሆነ እኔ…”

“ቁጭ በል፤ ምስክር እፈልጋለሁ” አለች ኮዙዌ። ሳጅኑ ተቀመጠ።

ሰሌዳዋን እንደያዘች ቆመች።

“ሁላችሁም ስሙኝ። ቃል የሰጠሁት ለአባቴ እንጂ ለሌባ አይደለም፤ ስለዚህ ቃሉ ፈርሷል። ነገ እወዳደራለሁ። ብወድቅም ለከርሞ እወዳደራለሁ። ፈቃድ እየጠየቅሁ አይደለም፤ እያሳወቅሁ ነው። ማረፊያውን አባዬ ራሱ ያስተዳድር።”

ከዚያ ወደ ወይዘሮ ፉሚዬ ዞረች።

“አንቺ ደግሞ መለኪያሽን አምጪ፣ አያቴ። ለዚህ ሰውዬ በልኩ ሰሌዳ እናሠራለታለን። የእኔን ዳግመኛ አይነካም።”