ዋስ አልሆንሽም

የአዲስ አበባን ብርድ የሚንቅ ሰው ቢኖር ከውጭ የሚመጣ የልውውጥ ተማሪ ነው። አፍሪካ ነው ብሎ ቁምጣና ሸሚዝ ጠቅልሎ ይመጣል፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ያድራል። በነጋታው ሀፍሷ ቢሮ በር ላይ ይገተራል።

ሀፍሷ የዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ልውውጥ ክፍል ሠራተኛ ናት። የሚመጡትን ከአውሮፕላን ማረፊያ ትቀበላለች፤ ለሚሄዱት ተማሪዎችና መምህራን ቪዛ ስትሯሯጥ ትውላለች፤ አገሩ የናፈቀውን ታባብላለች፤ ሆዱ የታመመውን ሐኪም ቤት ታደርሳለች። የበረደውን ደግሞ መርካቶ ይዛው ትወርዳለች።

ሙናዊርን ያገኘችውም እንዲሁ ነው። አንድ ቀን አምስት ፈረንጆች አስከትላ መርካቶ፣ ብርድ ልብስ እስከ ጣሪያው የተደረደረበት ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆመች።

«እህቴ፣ አስጎብኚ ነሽ እንዴ?» አላት ባለሱቁ።

«አይደለሁም። የፈረንጅ ዋጋ ከጠራህ ግን ምን እንደሆንኩ ታያለህ።»

«ወላሂ አልጠራም! ደግሞ ከቢሮ የመጣች ሴት ለመርካቶ ዋጋ ልታስተምር ነው?»

«እዚሁ አማኑኤል ሰፈር ነው ያደግኩት፣ ወንድሜ።»

ሳቀና ዋጋውን ቀነሰላት። ብርድ ልብሶቹን ሲያስረክባት ዓይኑ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። አየችው፤ እንዳላየችም ሆነች።

ከዚያ ወዲህ በየሴሚስተሩ መጣች። አዲስ ተማሪ በሌለበት ወርም ሰበብ አላጣችም፤ አንዴ የትራስ ልብስ፣ አንዴ አንሶላ። ጎረቤቱ ሪሃና፣ መጋረጃ ሻጯ፣ «ይቺ ልጅ የአገሩን አልጋ ሁሉ ልታነጥፍ ነው?» እያለች ትስቅባቸዋለች። ሙናዊር በርጩማ ያወጣል፤ ሻይ ያዛል። እሷ ስለ ሥራዋ ታወራለች፤ እሱ እየሰማ ብርድ ልብስ ያጥፋል።

«ሲሄዱስ ብርድ ልብሴን ምን ያደርጉታል?» አላት አንድ ቀን።

«ለጥበቃዎቹ ትተውት ይሄዳሉ። ማን ሻንጣው ውስጥ ይጨምራል?»

በጨዋታቸው መሃል ዝም የሚሉበት ጊዜ እየበዛ ሄደ። ዝምታው ደስ የሚል ዝምታ ነበር። ዋናውን ነገር ግን አንዳቸውም አላነሱትም።

ሌላ ቀን ደግሞ ተናዳ መጣች። በልውውጥ ውጭ ሄዶ የቀረ አንድ መምህር ነበር፤ የእሱ ዋስ ቢሮዋ መጥቶ ሲያለቅስ ውሏል።

«ሠራተኛ ስንልክ ዋስ እናስጠራለን» አለችው። «ሄዶ ከቀረ የሚጠየቀው ዋሱ ነው።»

«ማንም ሰው ዋስ ይሆናል?»

«ደሞዝተኛ ወይም ንግድ ፈቃድ ያለው። ባልና ሚስት ግን አይሆንም።»

«ለምን?»

«ባል ለሚስቱ ዋስ ቢሆን ምን ዋጋ አለው? ከቀረች ተከትሏት ይሄዳል!»

ሙናዊር ሳቀ። «እውነትሽን ነው፤ ይሄዳል» አለ።

በዓመቱ ተራው የእሷ ሆነ። ፖላንድ ያለ አጋር ዩኒቨርሲቲ አንድ የልውውጥ ክፍል ሠራተኛ ለዘጠኝ ወር ወስዶ ሊያሠለጥን ጠየቀ፤ ሀፍሷ ተወዳድራ አለፈች። ሰው ስትሸኝ የኖረች ልጅ አሁን ራሷ ልትሸኝ ነው፤ በደስታ እንቅልፍ አጣች።

ዋስ ሊሆናት ቃል ገብቶ የነበረው አጎቷ ፉርቃን ግን ቀኑ ሲደርስ አፈገፈገ። «ብትቀሪስ? እኔ የለሁበትም» አላት። አባቷ በሕይወት የለም። የቀረውን መምህር ታሪክ የሚያውቁት የሥራ ባልደረቦቿም አንገታቸውን ደፉ። እስከ ዓርብ ዋስ ካላቀረበች ዕድሉ ለተጠባባቂው ያልፋል። ይህን ደንብ ለሌሎች ስታስረዳ የኖረችው ደግሞ ራሷ ናት።

ረቡዕ ዕለት ኩራቷን ዋጥ አድርጋ መርካቶ ሄደች።

«ሙናዊር፣ ዋስ ትሆነኛለህ?»

የያዘውን ብርድ ልብስ አስቀመጠ። ነገሩን ከሥሩ ነገረችው። እያየችው ፊቱ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጭንቅ ያዘው። ብርድ ልብሱን መልሶ አንስቶ የታጠፈውን እንደገና አጠፈው።

«አልሆንሽም» አላት በመጨረሻ።

«እሺ።»

«ሀፍሷ፣ ስሚኝ፣ እኔ እኮ...»

«ገባኝ። አብሮ ሻይ መጠጣትና ዋስ መሆን ለየቅል ነው።»

«ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ አንድ ተሸካሚ ትልቅ እስር ጭኖ በመሃላቸው ገባ። እሱ እስኪያልፍ ሀፍሷ መንገድ ጀምራ ነበር።

ቤቷ ገብታ አለቀሰች። የፖላንዱ ነገር ብቻ ቢሆን ውሎ አድሮ ይወጣላት ነበር። የከፋት ያምነኛል ያለችው ሰው አለማመኑ ነው። ለካ ስትወደው ኖራለች፤ እምቢ ባላት ቀን አወቀችው።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች የእናቷን በር አንኳኩ። ከፊት ያሉት እህል በረንዳ ጤፍ የሚነግዱት ጋሼ ጥጋቡ ናቸው፤ ሙናዊር ከገጠር ሲመጣ ያስጠጉት እሳቸው ነበሩ። እናቷ ወይዘሮ ሀስና እንግዶቹን አስቀመጡ። ሀፍሷ ከጓዳ ሆና ጆሮዋን ጣለች።

«ሁለት ጉዳይ ይዘን መጥተናል» አሉ ጋሼ ጥጋቡ። «እንዳይደባለቁብን አደራ። አንደኛው፣ ልጅዎ ዋስ ያስፈልጋታል አሉ፤ ዋሷ እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት ንግድ ፈቃዴን ይዤ ቢሮዋ እገኛለሁ። ሁለተኛው፣ ልጃችን ሙናዊር ልጅዎን ለትዳር ይጠይቃል። እሺ አለች እምቢ አለች፣ ዋስትናው አይነካም። ልጁ አስምሎ ነው የላከኝ።»

ወይዘሮ ሀስና ልጅቷን ልጠይቅ ብለው ለእሁድ ቀጠሯቸው። ሀፍሷ ጓዳ ውስጥ ቆማ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ ጥጋቡ ፈረሙ። ሀፍሷ እሳቸውን ሸኝታ ከሰዓት መርካቶ ወረደች። ሙናዊር ከጁምዓ ተመልሶ ሱቁን እየከፈተ ነበር።

«ለምንድን ነው አልሆንሽም ያልከኝ?»

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ባል ለሚስቱ ዋስ አይሆንም አላልሽም?»

ሀፍሷ ከደጃፉ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ይህን መናገር አቅቶህ ነው ያስለቀስከኝ?»

«መች አስጨረስሽኝ! ደግሞ ፈርሜልሽ ሽማግሌ ብልክ ለውለታ ብለሽ እሺ እንዳትዪኝ ፈራሁ። አንቺን በውለታ አልፈልግሽም።»

«ብቀርስ?»

«አትቀሪም።»

«በምን አወቅህ?»

«አላወቅሁም። አምኜሽ ነው።»

እንባዋ መጣ፤ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። «እሺ፣ ዘጠኝ ወር እንደምትጠብቀኝ ለአንተስ ማን ዋስ ይሆናል?»

«እኔ!» አለች ሪሃና ከመጋረጃዎቿ መሃል ብቅ ብላ። «ሌላ ቢያይ ሱቁን በላዩ ላይ ነው የምቆልፍበት!» መደዳው በሙሉ ሳቀ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ እሺታ ይዘው ተመለሱ። ኒካሁ ሳትሄድ ታሰረ፤ ድግሱ ለመመለሻዋ ቆየ። በጥቅምት ስትነሳ ሙናዊር ሻንጣዋን የሚያጣብብ ወፍራም ብርድ ልብስ አስያዛት፤ ስለ እሱም እስከ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ተጨቃጨቁ። ፖላንድ የመጀመሪያው በረዶ ሲወርድ ያንን ብርድ ልብስ ተከናንባ በስልክ ታየችው፤ ሁለቱም እየሳቁ አለቀሱ።

በሐምሌ፣ ዝናቡ ሲወርድ ተመለሰች። ሙናዊር ሊቀበላት ወደፊት ሲል ጋሼ ጥጋቡ በከዘራቸው አገዱት።

«ቆይ አንተ! ዋሱ እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ እኔ ልያት።»

ሀፍሷ ትከሻቸውን ሳመች። «መጣሁ ጋሼ። አሁን ነፃ ነዎት።»

«ተመስገን! በሉ እንግዲህ የራሳችሁ ጉዳይ» ብለው ዞር አሉላቸው።

ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ሙናዊር ክንዷ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ አየ።

«ይዘሽው መጣሽ?»

«ትተውት የሚሄዱት እንግዶቹ ናቸው» አለችው ሀፍሷ። «እኔ ወደ ቤቴ ነው የመጣሁት።»