ማርሚታው ዝም ያለ ቀን

ነጎድጓዱ የሞተው በገዛ ጋራዡ በር ላይ ተለጥፎ ነው። ተለጥፎ ሲባል ማጋነን አይደለም፤ የብረቱ በር ወደ ውስጥ እንደ ሳህን ጎድጉዷል፣ ሞተር ሳይክሉም ሻንጣ ውስጥ ሊከተት የተዘጋጀ ይመስል ተጣጥፎ ከሥሩ ተኝቷል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከተማውን በጩኸት ሲቀጠቅጥ የኖረ፣ ሲነሳ ጣሪያ የሚያንቀጠቅጥ፣ ሲያልፍ ሙት ይቀሰቅሳል የተባለለት ነጂ ነበር። አሁን ነጭ ጨርቅ ተከናንቦ ከሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ያለው እሱ ሆነ። ከራሱ በላይ፣ በሩ ላይ፣ ራሱ በቀይ ቀለም ያስጻፈው መፈክር ተጎድጉዶም ይነበባል፤ «የተሰማ አይገጭም!»

መርማሪው ጎንበስ ብሎ ጨርቁን ገለጠ። ባልደረቦቹ «ወንፊት» ይሉታል፤ ፊቱ የተነገረ ነገር ሁሉ ተነፍቶ እንክርዳዱ ከላይ ስለሚቀር። አንድ ሰውዬ «እንደምን አደርክ» ስላለው ብቻ ሌባነቱን ነቅቶበት አስሮታል ይባላል፤ ሰውዬውም እውነትም ሌባ ሆኖ ተገኘ። ወንፊት የሟቹን ሄልሜት በጥንቃቄ አወለቀ፤ ጆሮዎቹን ትክ ብሎ አያቸው። ከዚያ ከግራውም ከቀኙም አንዳንድ ትንሽ ቢጫ ነገር በሁለት ጣቱ ስቦ አወጣና ለማንም ሳያሳይ በላስቲክ ቋጥሮ ኪሱ ከተተ።

የጋራዡ ዘበኛ ሽማግሌ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አባባ፣ በሩን ለምን አልከፈቱለትም?»

«ያልሰማሁትን ምኑን ልክፈት ልጄ?»

«ሌላ ጊዜ እየሰሙ ነው የሚከፍቱት?»

«ታዲያስ! እሱ እኮ እዚህ በር ላይ ፍሬን ይዞ አያውቅም። ውርደት ነው የሚለው። ገና ከቁልቁለቱ ራስ ሲያጓራ እሰማለሁ፣ በሩን እስባለሁ፤ እሱ ያቺን ጥግ ታጥፎ እንደ ጥይት ይገባል። ደንበኛው ቆሞ ያጨበጭባል። አንድ ቀን ብዘገይ፣ በአባቱ ዕድሜ ያለሁትን ሰውዬ፣ በሰው ፊት በጥፊ አጮለኝ።»

«ቂም ይዘዋል ማለት ነው።»

«እንዴት አልይዝ! ጉንጬ እስካሁን ይለበልበኛል። ብሰማው ግን እከፍትለት ነበር።» ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና እውነቱን ለመናገር ያህል ጨመሩ፤ «ቢያንስ ግማሹን።»

መካኒኩ ከተጣጠፈው ሞተር ሥር ተንበርክኮ ነበር። የነጎድጓዱ ቀኝ እጅ ነው፤ የጋራዡን ሞተሮች ሁሉ ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫቸውን፣ እንዲጮህ የሚከፍተው እሱ ነው። ድንገት ጮኸ።

«ጋሼ፣ ይምጡ ይዩ! አንጀቱ ተመልሷል!»

«የምኑ አንጀት?»

«የማርሚታው። ድምፁን የሚውጥ የውስጥ ቱቦ አለው፤ እኛ አንጀት እንለዋለን። የሱን በዚህ እጄ አውጥቼ በካርቶን ጠቅልዬ ሰጥቼዋለሁ። ቤቱ ዕቃ ቤት ነው የሚያስቀምጠው። ሞተሩን ለዓመታዊ ምርመራ ሲወስድ ብቻ ይገጥመዋል፣ ሲመለስ ይነቅለዋል። ዛሬ ማን ገጠመው?»

«መግጠሙ ይከብዳል?»

«አንዲት ብሎን ናት። አንዴ ያየ ሰው ይገጥማታል።»

«ሞተሩ ዝም ሲል ነጂው እንዴት አላወቀም? እሱ እኮ በድምፅ ነበር የሚኖረው።»

መካኒኩ እጁን ጃኬት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እንጃ… ጆሮው ደከም ብሎ ነበር መሰለኝ።»

ወንፊት ያቺን ወደ ኪስ የገባች እጅ በዓይኑ ተከተላት። ከጋራዡ ግድግዳ ላይ ጥቁር ጥብጣብ የተጠለቀለት ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጢሙ ገና ያልበቀለ ወጣት ሞተር ላይ ሆኖ ይስቃል።

«ይሄ ማነው?»

«የነጎድጓዱ ሚስት ታናሽ ወንድም። እሷ ናት ያሳደገችው፣ እንደ ልጇ። ባለፈው ክረምት ሞተ። ነጎድጓዱ ማርሚታህን ክፈት አለው፣ እኔ ከፈትኩለት። ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ከኋላው ክላክስ እያደረገ ወረደ። መንገዱ ሁሉ ሰምቶ ሸሸ። ልጁ ብቻ አልሰማም፤ የገዛ ሞተሩ ነበር የሚጮኸው።»

«ነጎድጓዱስ ምን አለ?»

መካኒኩ አቀረቀረ። «‹ድምፁ አንሶ ነው› አለ። ቀብሩ ላይ።» ከዚያ ደረቱን ነፋ። «ግን ልክ ነው እኮ ጋሼ! ይኸው፣ ሞተሩ ዝም ባለ ቀን ሞተ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?»

የወንፊት አለቃ በዚህ መሀል ስልክ ደወለ። ድምፁ የጠገበ ሰው ድምፅ ነበር። ነፍሰ ገዳዩ ተይዟል፤ የሟቹ ጎረቤት ነርስ ናት፤ ትናንት ሰፈር በተሰበሰበበት «ያንን ማርሚታህን እደፍንልሃለሁ!» ብላ ምላለች። ከሰዓት በኋላ ክስ ይመሠረትባታል፤ ወንፊትም ሄዶ ምሳውን ይብላ።

ወንፊት ምሳውን ትቶ ወደ ታሰረችው ነርስ ሄደ። ከሆስፒታል የአዳር ሥራዋ የተመለሰችበትን ነጭ ጫማ እንኳን በትክክል አላሰረችም።

«ብለሻል?»

«ብያለሁ! ደግሞም አልክድም። ሁለት ዓመት ሙሉ አድሬ ስገባ፣ ጭንቅላቴ ትራስ ሲነካ፣ ያ ሰይጣን ሞተሩን ያስነሳል። አንድ ቀን መድኃኒት ተሳስቼ ልሰጥ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ሄጄ ለመንኩት፤ ‹ጩኸቱ ነፍሴን ያድናል› አለኝ። የኔ በሽተኞችስ ነፍስ የላቸውም ወይ?»

«ዛሬ ጠዋት ሲወጣ ምን ሰማሽ?»

የነርሷ ፊት ላይ፣ እስር ቤት ውስጥ ሆና፣ የደስታ የመሰለ ነገር አለፈ።

«ምንም! ተኛሁ ጋሼ። ፖሊስ በሬን እስኪደበድብ እንደ ድንጋይ ተኛሁ። መሞቱን ሲነግሩኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልንገርዎት? ‹ነገም እተኛለሁ።› ቢጽፉብኝም ይጻፉ።»

«እንዲህ እያልሽ ዕድሜ ልክ ያስፈርዱብሻል።»

«አውቃለሁ» አለች፤ አሁን እንባዋ መጣ። «ግን እውነት ነው።»

ወንፊት ነፋው፤ ምንም እንክርዳድ ከላይ አልቀረም።

የሟቹ ሚስት ጥቁር ለብሳ ሳሎኗ ሶፋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ቤቱ የተወለወለ ነው፤ ግድግዳው ሁሉ ግን በንዝረት ተሰነጣጥቆ የወንዝ ካርታ መስሏል። ከመስኮቱ ሥር፣ ሞተሩ ለሚያድርበት ግቢ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ብርጭቆ የተደረደረበት ቡፌ ቆሟል።

«እግዜር ያጽናዎት እህቴ። ጠዋት ሲወጣ ሰምተውታል?»

«እንዴት አልሰማ? እንደ ወትሮው ቤቱን አናወጠው። መስኮቱ ሲንቀጠቀጥ ነው የነቃሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጩኸቱ እስኪርቅ ጠበቅሁ። ሁሌም እንደማደርገው።»

«ውሃ ይሰጡኛል?»

ወደ ጓዳ ስትገባ ወንፊት ወደ ቡፌው ጠጋ አለ። የበሩ መያዣ ተሰብሯል፤ በጣት ሲነኩት ይከፈታል። የበሩ ጠርዝ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ ተፍቆ ጎድጉዷል፤ ዘወትር አንድ ነገር እዚያ ይወተፋል። ዘወር ሲል ካውያው አጠገብ ወፍራም ጨርቅ አየ፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ተቀምጧል፤ የድሮ እጥፋቱ ግን አልለቀቀም። አንስቶ ከጎድጓዳው ላይ ለካው። ልክክ አለ። መልሶ አስቀመጠውና፣ ሴትዮዋ ስትመለስ ውሃውን እስከ ጠብታው ጠጣ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ያ ሳሎን ከተሠራ ጀምሮ ያን ያህል ሰው አስተናግዶ አያውቅም። አለቃው ሰዓቱን እያየ፣ ሽማግሌው ዘበኛ ባርኔጣቸውን እያሻሹ፣ ነርሷ እጇ በካቴና ታስሮ፣ ሚስትየው ከሶፋዋ ጫፍ ሳትነቃነቅ ተቀምጠዋል። መካኒኩ በወንፊት ትእዛዝ የራሱን ሞተር መስኮቱ ሥር አቁሞ ውጭ ይጠብቃል።

«ቶሎ በል» አለ አለቃው። «ማርሚታውን የደፈነችው ጩኸት የጠላችው ናት። ምኑ ያስቸግራል?»

«ጩኸት የጠላ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» አለ ወንፊት። «ነጎድጓዱ ሞተሩን ባስነሳ በቅጽበቱ ጸጥታውን ይሰማል፣ ይሳደባል፣ ብሎኗን ፈትቶ አንጀቱን አውጥቶ ይወረውራል። ነርሷ ከዚህ ምን ታተርፋለች? ይህን የሠራው ሰው ነጎድጓዱ ጸጥታውን እንደማይሰማ ያውቅ ነበር።» ላስቲኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። «ከጆሮዎቹ ያወጣሁት ነው።»

ሽማግሌው አንገታቸውን አሰገጉ። «ምንድነው እሱ?»

«ስፖንጅ፤ የጆሮ መድፈኛ። የከተማውን ጆሮ ሃያ ዓመት ሲበሳ የኖረው ሰውዬ የራሱን ጆሮ ደፍኖ ነበር የሚነዳው።»

«ወይ ጉድ!» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ግን በባዶ ጆሮዬ!»

«እንግዲህ መድፈኛውን የሚያውቅ፣ አባባ በሩን በድምፅ ብቻ እንደሚከፍቱም የሚያውቅ፣ ዕቃ ቤት ገብቶ ካርቶኑን የሚያወጣ ሰው ማነው? ነርሷ የዕቃ ቤቱን በር ከውጭም አይታው አታውቅም። መካኒኩ ደግሞ ግቢው ተቆልፎ ሲያድር በራሱ ቤት ነበር።» ወደ ሚስትየው ዞረ። «እርስዎ እህቴ፣ ቤቱን አናወጠው ብለውኛል። ነርሷ ግን አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቷችሁ ተኝታ ምንም አልሰማችም። ከሁለት አንዳችሁ ዋሽታችኋል። » ወደ መስኮቱ ዞሮ ጮኸ። «በል አስነሳው!»

መካኒኩ ቁልፉን ከማዞሩ በፊት ሚስትየው ከሶፋዋ ተስፈንጥራ ቡፌው ጋ ደርሳ ነበር። መዳፏን በሩ ላይ ለጠፈች። ከዚያ ሞተሩ አጓራ፤ አቤት ማጓራት! ጣሪያው ዘለለ፣ መስኮቱ ጥርሱን አፋጨ፣ አለቃው የወለደውን ሁሉ ረሳ። እጇ ባልደረሰበት በኩል በሩ ተንሸዋረረና አንድ ብርጭቆ ወጥቶ እግሯ ሥር ተንኮታኮተ።

ሞተሩ ጠፋ። መካኒኩ እየሮጠ ገባ።

«ይህን በር የሚይዘው በየማታው የሚወተፍ ጨርቅ ነው» አለ ወንፊት ቀስ ብሎ። «ዛሬ ሳየው ጨርቁ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ነበር። ከትናንት ጀምሮ አልተወተፈም፤ ግን አንድም ብርጭቆ አልወደቀም። ጩኸት እንደማይኖር ያወቀ ሰው ነው ያጠበው።»

«የብርጭቆ ወሬ ይዘህ ፍርድ ቤት ልትገባ ነው?» አለ አለቃው።

ሚስትየው ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች። እጇን ይዘው ቢያስሯትም ቃል የማይወጣት ትመስል ነበር። ያኔ መካኒኩ ልቡ ተነክቶ አፉን ከፈተ።

«ማንም ይግደለው ማን፣ ነጎድጓዱ ልክ ነበር! ዝምታ ነው የገደለው። ከነጂዎቹ ጋር ተነጋግረናል፤ ‹የተሰማ አይገጭም› ብለን መቃብሩ ላይ እናስቀርጽለታለን። ከነገ ጀምሮ በከተማው አንድም ማርሚታ ሳይከፈት አይቀርም!»

ወንፊት ወንበሩ ላይ ተደገፈ። ሲጠብቅ የነበረው ይህን ነው።

«ልክ ነበር?» አለች ሴትዮዋ። ድምፅዋ መጀመሪያ ትንሽ ነበር። «ልክ ነበር ነው ያልከው? ወንድሜ ጥጥ ልክተት ብሎ ሲጠይቀው ‹ጆሮውን የሚደፍን ፈሪ ነው› አለው! ልጁ አመነው። ከቀብር ማግስት የባሌን ጃኬት ላጥብ ኪሱን ብፈትሽ ስፖንጅ! ያረጀ፣ የቆሸሸ፣ የስንት ዓመት ስፖንጅ! ወንድሜን በገዛ ሞተሩ ጩኸት አስበልቶ፣ እሱ ጆሮውን ደፍኖ ይኖራል? ጩኸት አላሳደገኝም፣ ጩኸት አላጎረሰኝም፤ ያ ልጅ ብቻ ነበር የነበረኝ። ይሙት አልኩ። በገዛ ስፖንጁ ይሙት። ገጠምኩለት፣ አዎ! ሲወጣ በመስኮት አየሁት፤ እንደ ድመት ኮቴ ድምፅ የለውም፣ ደረቱን ነፍቶ የሚያጓራ መስሎታል። ከልጁ ቀብር ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ነው።»

«ይቺ ልጅስ?» አለ ወንፊት ወደ ነርሷ እያመለከተ።

ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ሰበረች። «በቀሌ ሲጣፍጠኝ አንቺን ረሳሁሽ እህቴ። ይቅር በይኝ።»

«መጀመሪያ ልተኛበት» አለች ነርሷ፤ አለቃው ካቴናዋን ሲፈታላት እጇን እያሻሸች።

ሴትዮዋ ግን አልጨረሰችም። ወደ መካኒኩ ተጠጋች።

«አንተ መቃብር የምታስቀርጸው። ያችን ኪስህን እስቲ ገልብጣት።»

«የቱን?»

«ጆሮ በተባለ ቁጥር እጅህ የሚገባባትን። ስንቴ አይቻታለሁ።»

መካኒኩ ወንፊትን አየ። ወንፊት ጣሪያውን አየ። እጁ ቀስ ብላ ከኪሱ ወጣች፤ መዳፉ ላይ በዘይት የጠቆረ ጥጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ስንቱን ልጅ ከፈትክ?» አለችው። «ስንቱን?»

መካኒኩ ጥጡን ጠረጴዛው ላይ፣ ከስፖንጁ ጎን አስቀመጠው።

ሲወስዷት የፖሊስ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ትንሽ ቆመ። መካኒኩ ከግቢው ወጣ። ሞተሩ ላይ አልወጣም፤ ቁልፉንም አላዞረም። መሪውን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ያን ብረት እየገፋ በእግሩ ቁልቁለቱን ጀመረ። ሴትዮዋ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ጥጉን እስኪታጠፍ በዓይኗ ተከተለችው።

«ባሌን ስገድል የተበቀልኩ መስሎኝ ነበር» አለች ወንፊትን ሳታየው። «አሁን ነው የተበቀልኩት።»