በመርፌ የገባ ክር

«መርፌ ፈልጌ ነበር...»

አቢጋኤል የስፌት መኪናዋን አቁማ ቀና አለች። በሩ ላይ የቆመው ወጣት እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ለመግባትም ለመመለስም አልቆረጠም።

«መርፌ ማዶ ሱቅ አለልህ። እዚህ ልብስ ነው የምንሰፋው።»

«የሱቁ ወፍራም ነው፤ ክሩን ይሰነጥቅብኛል።»

«ምን ልትሰፋ ነው?»

«ዓሣ ላጠምድ።»

አዝራር ስትተክል የነበረችው ታላቅ እህቷ አባይነሽ ሳቋ አመለጣት። «ይቺ የሆሳዕና ከተማ ስንቱን ታሳየናለች! ዓሣውን ጥልፍ ልትጠልፈው ነው?»

ወጣቱም አፍሮ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ እሱም ሳቀ። አቢጋኤል በደንብ ያየችው ያን ጊዜ ነው።

ስሙ ዕንባቆም ነው። ከጊምቢቹ ከተማ ቁልቁል፣ ጊቤ ተገድቦ ሐይቅ በሆነበት ዳር ዓሣ እያጠመደ ይኖራል። ስለ ዓሣ ሊያጠና የመጣ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ረጅም የማጥመጃ ዘንግ ትቶለት ሄዷል። በዘንጉ የሚወረወረው ክር ወፍራምና ቢጫ ነው። ዓሣው አይቶ እንዳይሸሽ ጫፉ ላይ ቀጭን፣ ውኃ የመሰለ ክር ይቀጠልለታል፤ መንጠቆውም በዶሮ ላባ ዝንብ አስመስለው ይሸፍኑታል። ዕንባቆምን የቸገረው መቀጠሉ ነበር።

አቢጋኤል ከሣጥኗ የጥልፍ መርፌ አወጣችለት። ዕንባቆም ከኪሱ ባወጣው ወፍራም ክር ጫፍ እምብርት አስገብቶ በጎኑ አወጣው። ቀጭኑን ክር በቀዳዳው አሾለከ፤ ዙሪያውን ጠመጠመ፤ በምራቁ አርሶ ቀስ ብሎ አጠበቀው። እሷ በጣቷ ዳሰሰችው። የተቀጠለበት ቦታ አይታወቅም።

«እጅህስ ልብስ ሰፊ ይወጣው ነበር» አለችው። «መርፌው ይቆይህ።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ዓሣ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ መጣ።

«ለመርፌው ነው።»

በሌላውም ገበያ መጣ።

«አሁንስ ለምኑ ነው?»

«ለመርፌው...»

«የኔ ወንድም፣ ይሄ መርፌ ዓሣ አልጠግብ አለ እኮ!» አለች አባይነሽ።

አባይነሽ ትቀልድ እንጂ የእሷ ነገር አያስቅም። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ተገብቶ፣ እጮኛዋ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። ስልኩም ከተዘጋ ቆየ። እዚያ ወልዷል የሚሉ አሉ። ቃል የተገባባትን ልጅ ግን ሌላ ሰው አይጠይቃትም። አባይነሽ እንዲሁ ተቀምጣ የሰው ሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች።

አንድ ቅዳሜ አቢጋኤል ሐይቁ ድረስ ወረደች። ዕንባቆም ክሩን ሲቀጥል አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ሌላ አቀጣጠል የለውም?»

«አለው። የሁለቱንም ጫፍ አጥፈሽ እንደ ስኒ ጆሮ ታበጂለታለሽ። ጆሮውን በጆሮው ታሾልኪያለሽ፤ አለቀ። መቀየር ስትፈልጊ ምንም ሳይቆረጥ ይላቀቃል።»

«ታዲያ እሱ አይሻልም?»

«ዘንጉ ላይ ባሉት ቀለበቶች ሲያልፍ ይንቋቋል። በመርፌ የገባው ግን እንቅፋት የለውም።»

«ልለያየው ብትልስ?»

«መፍቻ የለውም። ከወፍራሙም ጭምር ነው የሚቆረጠው።»

አቢጋኤል ውኃውን አየች። «እንግዲያው በመርፌ ይሁን።»

«እሺ... በመርፌ» አለ፤ እጇንም ያዛት።

ደቡብ አፍሪካ ያለው አጎቱ የጠራው ከዚያ በኋላ ነው። የአባቱ መሬት ለወንድማማቾቹ አልበቃም፤ አጎቱም ሱቅ የሚጠብቅለት ሰው ይፈልጋል። ዕንባቆም እንቢ ማለት አልቻለም።

አቢጋኤል ሽማግሌ ጠበቀች። የአባቷ በር በተንኳኳ ቁጥር እሷ ቀድማ ትከፍታለች። ማንም አልመጣም።

ሊሰናበታት ሲመጣ አላስቀመጠችውም።

«ሽማግሌ አልላክህም።»

«አልላክሁም።»

«ለምን?»

ጥግ ላይ የተቀመጠችውን አባይነሽን አየና ዓይኑን መለሰ።

«ለእኔና ለአንቺ እንደ ጆሮው ይሻላል፣ አቢ... ካስፈለገ ሳይቆረጥ እንዲላቀቅ።»

አቢጋኤል የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሊላቀቃት ይፈልጋል።

«ካስፈለገ? እንግዲያው ዛሬውኑ ተላቀቅ! ሂድ!»

ከኮቱ ኮሌታ ላይ መርፌዋን ነቅሎ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠና ወጣ።

በሞያሌ አልፎ፣ አገር ለአገር ተንከራትቶ ደቡብ አፍሪካ ደረሰ። ደወለ፤ አላነሳችም። እሁድ እሁድ ከአምልኮ መልስ ይደውላል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲንቀጠቀጥ ዝም ብላ ታየዋለች።

«ኧረ አንሺለት፣ አንቺ ልጅ!» ትላለች አባይነሽ።

«የሚቀጥለው እሁድ...»

አንድ እሁድ ስልኩ ሳይጠራ ዋለ።

ሱቁን ሊዘርፉ የገቡ ሰዎች በጥይት መትተው ገድለውት ነበር። አስከሬኑ በሣጥን መጣ። ጊምቢቹ በሰው ተጥለቀለቀች። አቢጋኤል ድንኳኑ በር ላይ ደርሳ የት እንደምትቀመጥ ጨነቃት። ሚስቱ አይደለች። እጮኛው እንዳትባል ሽማግሌ አልተላከም። ከኋላ፣ ከሩቅ ጎረቤቶች ጋር ተቀመጠች። ሰው እንዳይታዘባት ልቅሶዋን እንኳ በልክ አደረገችው።

«የምኑ ነሽ፣ ልጄ?» አሏት አጠገቧ ያሉ እናት።

«መርፌ... መርፌ አውሼው ነበር።»

እናትየው ነጠላቸውን ከፍለው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ የዕንባቆም ታላቅ ወንድም አጵሎስ ስፌት ቤቱ መጣ። በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዟል። ፈታችው። ዘንጉ ነው።

«ሊሄድ ሲል ነው የሰጠኝ» አለ አጵሎስ። «‹ስልኬን ያነሳች ቀን ስጣት› ብሎኝ ነበር። እኔም ያቺን ቀን እየጠበቅሁ...»

ጨርቁን ማጣጠፍ ጀመረ።

አቢጋኤል ክሩን በጣቷ ተከተለችው። ከወፍራሙ ጫፍ ስንዝር የምታህል ቀጭን ክር በመርፌ ገብታለች፤ መጋጠሚያዋ አይታወቅም። በስንዝሯ ጫፍ ላይ ግን ትንሽ ጆሮ አለች። ረጅሙ ቀጭን ክር የተያያዘው በዚያች ጆሮ ነው።

«ይቺ አጭሯ ምን ታደርጋለች ብዬ ጠይቄው ነበር» አለ አጵሎስ። «‹እሷ እኔ ነኝ፤ አልወጣም። ከጆሮው ወዲያ ያለውን ግን አቢ ስትፈልግ ትቀይረው። እህቷን አይቻለሁ፤ አቢን እንደዚያ በቃል አስሬ አላስቀምጣትም› አለኝ።»

አባይነሽ የያዘችው ቀሚስ ከእጇ ወደቀ።

በድንኳኑ ውስጥ ታፍኖ የቀረው የአቢጋኤል ልቅሶ ያን ቀን ወጣ። «ሊላቀቀኝ መስሎኝ ነበር! ዕንባቆሜ... ድምፅህን እንኳ ሳልሰማው!» መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰማት። አሁን በልክ አላለቀሰችም።

በዚያው ሰሞን አባይነሽ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች አስጠርታ ቃሏ እንዲፈታላት ጠየቀች። ተፈታላት።

ዕንባቆም ባረፈ በዓመቱ አቢጋኤል ከአጵሎስ ጋር ወደ ሐይቁ ወረደች። ረጅሙ ክር ደርቆ፣ ሲነኩት ይሰባበራል። ከጆሮዋ አሾልካ አወጣችውና አዲስ ክር አስገባች። ከወፍራሙ ምንም አልተቆረጠም።

«አጭሯም አርጅታለች እኮ» አለ አጵሎስ። «አብራ ትቀየር?»

«እሷ ትቆይ፣ ወንድም አጵሎስ።»

ወረወረች። አልቻለችበትም፤ ክሩ ቅርብ ላይ ተጠማዞ ወደቀ። ዓሣ አልያዘም። ቀስ እያለች ሰበሰበችው። ዕንባቆም በመርፌዋ ያስገባት ስንዝር ክር በጣቶቿ መካከል ያለ እንቅፋት አለፈች።