የመጨረሻው ጭነት በረዶ

ኦረስት ሃሊክ እሁድ ጠዋት ከበረዶ ሆኪ አዳራሹ ጀርባ ሞቶ ሲገኝ ትከሻውን የብረቱ በር ላይ አስደግፎ፣ ጉልበቱ ሸብረክ ብሎ፣ ቀኝ እጁ ለማንኳኳት እንደተጨበጠ ደርቆ ነበር። ካፖርቱን አልለበሰም። ካፖርቱ ከነጓንቶቹ አዳራሹ ውስጥ፣ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት የተመልካች ወንበር ላይ ተጥሏል። ከዜሮ በታች ሠላሳ አምስት በሆነ ብርድ በሹራብ ብቻ የወጣ ሰው ብዙ የማሰቢያ ጊዜ አያገኝም።

የስተርጅን ቤንድ ከተማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኦረስት ለአንድ ትልቅ ክለብ ወጣት ተጫዋቾችን ሲመለምል በየገጠሩ አዳራሽ ያረጀ ሰው ነው። በተለይ ሌሎች መልማዮች «አጭር ነው» ብለው የሚያልፏቸውን ልጆች ፈልጎ በማግኘት ስሙ ይነሳል። ክለቦቹ ልጆቹን በየተራ የሚመርጡበት ድራፍት በሰኔ ስለነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመጣው የመጨረሻ ፍርዱን ሊሰጥ ነው ተብሎ ነበር።

ሳጅን ቨርና ደዣርሌ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች ከመኪናዋ ወረደች። ሬሳውን ያገኘው የከተማው ቡድን አሰልጣኝ ዋልደን ኤንስ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት።

«ቨርና፣ ይሄ ምንም ምርመራ አያስፈልገውም» አላት። «ሊያጨስ ወጣ፣ በሩ ከኋላው ተቆለፈ፣ በቃ። ይሄ በር ከውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው።»

ቨርና ግቢውን ዞራ አየችው። በሦስት ጎን ረጅም የሽቦ አጥር አለው፤ መውጫው በር ከታኅሣሥ ጀምሮ በበረዶ ተጋግሮ አይከፈትም። ወደ አዳራሹ የሚያስገቡት ሁለት በሮች ናቸው፦ ሽማግሌው የተደገፈው ትንሹ የብረት በር፣ እና አጠገቡ የሜዳውን በረዶ እየላገ በውሃ የሚያጥበው መኪና የሚወጣበት ሰፊው ተንሸራታች በር። ከሰፊው በር ፊት ለፊት መኪናው ከሜዳው ልጎ የሚያመጣው በረዶ ተከምሯል።

«ሲወጣ በሩን በምን ነበር የሚያስደግፈው?» አለች።

«በፓክ። ኪሱ ውስጥ አንድ አሮጌ ፓክ አይጠፋም፤ በሩና መቃኑ መሃል ይሰነቅራታል።»

«ታዲያ የታለች?»

ተጫዋቾቹ በዱላ የሚመቷትን ጥቁር የጎማ ዲስክ ወለሉ ላይ ፈለጓት። ያገኟት ግን ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የኤሌክትሪክ ሳጥን አናት ላይ፣ በጥንቃቄ ተቀምጣ ነው።

«በሩ ገፍቷት ተስፈንጥራ እዚህ ላይ ወጣች ልትለኝ ነው?»

ዋልደን ከሳጥኑ እስከ በሩ ያለውን ርቀት በዓይኑ ለካ።

«አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አንስቷታል» አለች ቨርና። «አሁን ስለ ልጅህ ንገረኝ።»

የዋልደን ፊት ቀላ። ልጁ ዴርክ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ መልማዮች ሁሉ የሚከቡት ተከላካይ ነበር። ከኦረስት በቀር።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን ዞር ብሎ አላየውም!» አለ። «ዓይኑ የሚከተለው ያንን ስንዝር የማይሞላ ቶቢንን ብቻ ነው። ቶቢን ሌዱ እኮ ከነጫማው የዴርክ ብብት ሥር ይገባል!»

«ቀንተህ ነበር?»

«አባት ነኝ እኮ፣ ቨርና። አዎ፣ ቀንቻለሁ። ትናንት ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ፎቅ ላይ ከተጫዋቾቹ ወላጆች ጋር ድሉን ስናከብር ነበር። ሙዚቃው ጣራ ሊያነሳ ምንም አልቀረው፤ ቢያንኳኳስ ማን ይሰማዋል?»

ድሉ እውነት ነበር። ቡድኑ የጎረቤት ከተማን ቡድን አሸንፎ፣ ሕፃናቱ የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ የተቀደደ ቀይ ወረቀት ሜዳው ላይ በትነው ነበር። ወንበሮቹ ሥር አሁንም ቀይ ቁርጥራጭ ይታያል። የሜዳው በረዶ ግን ተልጎ ታጥቦ እንደ መስታወት ያበራል።

ቨርና ከዚያ ወደ ሞቴሉ ሄደች። ሎርን ፔትራክ የቀዘቀዘ ፓንኬክ ፊት ተቀምጧል። የሌላ ክለብ መልማይ ነው፤ ከኦረስት ጋር ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ጨዋታ አይተዋል።

«ወዳጅዎ አጭር ልጅን እንዴት ነበር የሚመዝነው?» አለችው።

ሎርን ሹካውን አስቀመጠ። «እኔ ቁመት እለካለሁ፣ እሱ አንገት ያያል። ትልቁ ልጅ ቢገጩትም ይቆማል። አጭሩ ግን ፓኩ ሳይደርሰው በፊት ዞሮ ኋላውን ካላየ በቃሬዛ ነው የሚወጣው። ‹ሎርን፣ አጭሩን ልጅ ሲገጭ አትየው፣ ከመገጨቱ በፊት እየው› ይለኝ ነበር። እኔም ነገሩ የሚገባኝ ሁልጊዜ እሱ ልጁን ከወሰደ በኋላ ነው።»

«ስለ ቶቢን ሌዱስ ምን አለዎት?»

«አይሆንም አለኝ። አጭር ነው አለ።»

ቨርና የሱፍ ቅርፊቷን መዳፏ ላይ ሰበሰበች። «አቶ ፔትራክ፣ ሰው አይሆንም ላለው ልጅ በዚህ ብርድ ክረምቱን ሙሉ እየነዳ ይመላለሳል?»

ሽማግሌው አቀረቀረ። ቀና ሲል ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ዋሸሁሽ፣ ሳጅን። ‹እወስደዋለሁ፣ ማንም ቢስቅ እወስደዋለሁ› ነው ያለኝ። ከእኔ በቀር የነገረው ሰው የለም። ዝም ብዬ ልጁን ለእኔ ክለብ ላስቀር ነበር። ሰውየው ሳይቀበር እኔ ግኝቱን ልሰርቀው! ሠላሳ ዓመት የቀናሁበት ሳያንስ ሞቶም አልተውኩትም።»

«ሌላስ ያለው ነገር አለ?»

«ጨዋታው ሲያልቅ ‹መጀመሪያ ግን አንድ ሰው ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ› ብሎኝ ተነሳ። ማንን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔ ወደዚህ መጣሁ፤ እራቴን ስበላ የሞቴሉ ባለቤት አጠገቤ ነበረች።»

ወደ አዳራሹ ስትመለስ ኤመሪ ሌዱን ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ አገኘችው። ኤመሪ የቶቢን ታላቅ ወንድም ነው። አዳራሹን ይጠብቃል፣ በረዶ የሚልገውንም መኪና ከእሱ በቀር ማንም አይነዳውም። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ወንድሙን በየማለዳው ያሠለጠነው እሱ ነው። ጠዋት ሲመጣ ፖሊሶች ቀድመውት ስለነበር ወደ መኪናው ክፍል አላስገቡትም።

«ትናንት ምን ሠራህ?» አለችው።

«የዘወትር ሥራዬን ነዋ። ሰው ሲወጣልኝ ሜዳውን ላግኩ፣ በረዶውን ከኋላ ደፋሁ፣ ዘግቼ ሄድኩ። እዚያ ማንንም አላየሁም። ሽማግሌው ምናልባት እኔ ከሄድኩ በኋላ ወጥተው ይሆናል።»

«ሁልጊዜ ወዲያው ነው የምትደፋው?»

«እንዴ፣ ካልደፉትማ የመኪናው ማጠራቀሚያ ውስጥ ይጋገራል፣ ወይ ቀልጦ ወለሉን ያበላሻል።» ቆየት ብሎ ጨመረ፦ «ለቶቢን ነው ያዘንኩት። ሽማግሌው ተስፋው ነበሩ።»

ሲናገር ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። ቨርና ግን «ተስፋው» ሲል መንጋጋው ሲጠብቅ አየች።

ቶቢን ከላይ፣ የኦረስት ወንበር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ካፖርቱን ፖሊሶች ወስደውታል፤ ልጁ ግን ባዶውን ወንበር ያያል።

«ሽማግሌው እናንተ ቤት መጥተው ያውቃሉ?» አለችው ጎኑ ተቀምጣ።

«ለእኔ አይደለም፣ ለኤም፣ ለወንድሜ ነው የመጡት። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። እማዬ ለእራት ፔሮጊ ሠርታላቸው፣ ኤም አዲስ ሸሚዝ ለብሶ... በሩ መቃን ላይ አቆሙትና ለኩት። ከዚያ ‹ልጄ፣ ልብህን ወድጄዋለሁ፣ ግን አጭር ነህ› አሉት። ሌሎቹ መልማዮችም እሳቸውን ሰምተው ተዉት። ከዚያ ወዲያ ለራሱ ተጫውቶ አያውቅም።»

«አንተስ ከሱ ትረዝማለህ?»

ልጁ ፈገግ አለ። «በጣት እንኳ አንበላለጥም። እማዬ እዚያው መቃን ላይ ለክታናለች።»

ቨርና ትከሻውን ነካ አድርጋ ወረደች። ወደ ግቢው ወጥታ በበረዶው ክምር ላይ ተንበረከከች፤ ከላይ እስከ ታች በአካፋ አስቆፈረችው። ከዚያ ወደ መኪናው ክፍል ገባች። ክፍሉ ማሞቂያ አለው። ከመኪናው ሥር የሆነ ነገር ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ሦስቱንም እዚያው ጠራቻቸው። ዋልደን እጁን አጣምሮ ቆመ። ሎርን የጎማ ክምር ላይ ተቀመጠ። ኤመሪ የመኪናውን መሪ ይዞ ቆመ። ቶቢንን ማንም አልጠራውም፤ ግን ተከትሏቸው ገብቶ በሩ ጋ ቆመ። ልታስወጣው አስባ ነበር፤ ወንድሙን አየችና ተወችው።

«ኦረስት በሩ በድንገት አልተዘጋበትም» ብላ ጀመረች። «ፓኳን አንድ ሰው አንስቶ ሳጥን ላይ አስቀምጧታል። ማን ነው ያነሳት? ሦስታችሁም ትቀኑበት ነበር። ዋልደን ለልጁ ቀና፣ አቶ ፔትራክ ለሥራው ቀኑ። ሁለታችሁም ይህን በአፋችሁ ነግራችሁኛል። እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ‹ኦረስት አይሆንም ቢል ማን ይጎዳል?› ብዬ ነበር። ጥያቄው ልክ አልነበረም። ኦረስት እወስደዋለሁ ነው ያለው።»

ቶቢን ጭንቅላቱን ቀና አደረገ። እስከዚያ አያውቅም ነበር።

«ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጥኩት። እሺ ሲል የሚያመው ማን ነው? ከዚያ ደግሞ ይህን አየሁ።» ወደ መኪናው ጠጋ ብላ የማጠራቀሚያውን ክዳን አነሳች። ውስጡ ግማሽ የቀለጠ በረዶ ሞልቷል፤ ቀለሙ የለቀቀ ቀይ ወረቀት ተደባልቆበት ውሃው ቀላ ብሏል። «ቀዩ ወረቀት የተበተነው ጨዋታው ሲያልቅ ነው። ሜዳው ታጥቧል፣ ስለዚህ ወረቀቱን መኪናው ወስዶታል። ደጅ ያለውን ክምር ግን እስከ ታች ቆፍረነዋል፤ አንዲት ቀይ ነገር የለችበትም፣ ሁሉም ከዚያ በፊት የተደፋ ነው። የመጨረሻው ጭነት ከዚህ ቤት አልወጣም። ኤመሪ፣ ደፋሁት አልከኝ።»

«ረስቼው ይሆናል» አለ ኤመሪ።

«ካልተደፋ ይበላሻል ያልከኝ አንተ ነህ። ለመድፋት ሰፊው በር መከፈት አለበት። ሰፊው በር ቢከፈት ደግሞ ሽማግሌው ይገባና ይተርፋል። አንተ በሩን ያልከፈትከው ከበሩ ወዲያ ማን እንዳለ ስለምታውቅ ነው። ሌላ ሰው ዘግቶበት አንተ ባታውቅ ኖሮ እንደ ልማድህ ከፍተህ አድነኸው ነበር።»

ኤመሪ መሪውን ለቀቀ።

«ይቅርታ ጠየቀኝ» አለ በቀስታ። «እዚህ ኮሪደር ላይ እጄን ይዞ ይቅርታ ጠየቀኝ። ‹ተሳስቼ ነበር፣ ያኔ ማየት አላወቅኩበትም› አለኝ። ቀጠለና... ‹አንተ ከወንድምህ ትበልጥ ነበር› አለኝ። እየሳቀ፣ ደስ ያሰኘኝ መስሎት! አጭር ነህ ያለኝን ተሸክሜ ኖሬያለሁ፣ ለምጄዋለሁ። ይሄንን ግን የት አድርጌ ልሸከመው? ከዚያ ሲጋራውን ይዞ ወጣ።»

«ፓኳን አነሳህ» አለች ቨርና።

«ትንሽ ይብረደው ብዬ ነው። ትንሽ። ከዚያ ማንኳኳት ጀመረ። እየሰማሁት መኪናውን አስነሳሁ። ድምፁ እስኪጠፋልኝ ሜዳውን ዞርኩት፣ ደጋግሜ ዞርኩት። ስጨርስ በሩን ብከፍት ዓይኑን ማየት ሊኖርብኝ ነው። አልቻልኩም። ትቼው ወደ ቤት ሄድኩ።» ፊቱን ወደ ቶቢን አዞረ። «እራት አቀረብኩልህ። ስለ ጎልህ ስታወራ ሰማሁህ።»

ዋልደን «አምላኬ» ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

ቶቢን ቀስ ብሎ መጣ። ሁለቱ ወንድማማቾች ፊት ለፊት ሲቆሙ ዓይናቸው እኩል ነበር።

«ኤም፣ እሳቸው ባይሉህም እኔ አውቅ ነበር» አለ። «ከእኔ ትበልጣለህ። ሁልጊዜም። ለምን አልጠየቅከኝም?»

ቨርና የኤመሪን ክንድ ይዛ ወሰደችው።

ሎርን ፔትራክ በማግስቱ ለኦረስት ክለብ ደወለ። ሟቹ ስለ ቶቢን ያለውን አንድም ሳያስቀር ነገራቸውና ለራሱ ክለብ ደግሞ «እኔ ልጁን አልነካውም» አለ። በሰኔ የኦረስት ክለብ የቶቢንን ስም በሦስተኛው ዙር ጠራ። ዴርክ ኤንስም ተመረጠ፤ አባቱ ግን እንዳሰበው አልጨፈረም።

ቶቢን ምርጫው የሚካሄድበት አዳራሽ አልሄደም። የዚያን ቀን ኤመሪ ፍርዱን የሚጠባበቅበት እስር ቤት፣ የመጎብኛው ክፍል ውስጥ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጦ ነበር። ስልኩን አነሳና ነገረው።

ኤመሪ ግንባሩን በእጁ አሸ። ከከሳ ወዲህ ጉንጮቹ ጎድጉደዋል።

«ደስ ብሎኛል» አለ በመጨረሻ።

«እውነትህን ነው?»

ኤመሪ ስልኩን ከጆሮው አራቀ፣ መልሶ አስጠጋው። ሊዋሽ ፈልጎ ነበር፤ የወንድሙ ዓይን ግን አላስዋሸውም።

«ግማሹ» አለ።

ቶቢን መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳረፈ።

«ይበቃኛል» አለው። «ለዛሬ ግማሹ ይበቃኛል።»