ነጥብ የሌለበት ናና

ዶን ሊባርዶ ኦካምፖ የራሱ ማሸጊያ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። ከኩባያው የሚወጣው ሽታ የናና ሻይ አልነበረም፤ ቅጠል ቦርቧሪውን ዝንብ የሚፈጁበት መድኃኒት ነበር። አጠገቡ በቃጫ የታሰረ አንድ እስር ናና ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ኔሊ ቡሪቲካ ከሜዴሊን ስትደርስ ሰርጀንት ካርዶና ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት።

«በዚህ ተራራ ላይ ናናን በቃጫ የሚያስር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሌላው በላስቲክ ነው። ጎረቤቱ ዶኛ ኦቲልያ። እሑድ ለት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ‹መድኃኒትህን ራስህ ጠጣው› ብላ ስትረግመው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከቀትር በፊት ወደ እስር ቤት እወስዳታለሁ።»

«ለምን ረገመችው?»

«ዝንቡ ካንቺ ማሳ ነው የሚመጣብኝ ብሎ ናናዋን ግማሹን አቃጠለባት።»

«እስከ ቀትር ታገሠኝ።»

ኔሊ እስሩን አንስታ በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ቅጠሎቹ ንጹሕ ናቸው። አልፎ አልፎ ግን ግንዱ ላይ ቅጠል የተቀነጠሰበት ትኩስ ጉቶ አለ።

ዶኛ ኦቲልያ በሯ ላይ ቆማ ነበር።

«ልትወስጂኝ ነው ልጄ? ቁርሴን ሳልበላ አልሄድም። አንቺም ብዪ፤ ሥጋ የሚባል የለሽም።»

የበቆሎ ቂጣና የናና ሻይ አቀረበችላት። ኩባያው ውስጥ የሚንሳፈፈው ቅጠል ሁሉ ነጭ ጠመዝማዛ መስመር አለበት፤ የዝንቡ እጭ በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል እየበላ የሄደበት መንገድ ነው።

«መልኩን አትዪው» አለች አሮጊቷ። «ዝንቡ ያልነካው በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር፣ የነካው ለኛ። ዘንድሮ ደግሞ ያልነካው የለም። እኔ እንደሆነ አልረጭም።»

«ዶን ሊባርዶ መሞቱን ሲሰሙ ምን አሉ?»

«‹እስካሁንም ቆይቷል› አልኩ።»

ኔሊ ከእሳት በተረፈው ማሳ መካከል አለፈች። መስመር የሌለበት አንድም ዘለላ አላገኘችም።

ማሸጊያ ቤት ስትመለስ የሟቹን ወንድም አርቤይን አነጋገረች። የሠራተኞቹ አለቃ እሱ ነው።

«ማን ይጠላው ነበር?»

«ማን ይወደው ነበር ቢሉኝ መልሱ ይቀለኝ ነበር። አምና ዊልማር የሚባል ልጅ ግሪንሃውስ ውስጥ ሞተ። ሊባርዶ ርጭቱ ሳይደርቅ ነው ያስገባው። ግን ልጁ ሰክሮ ነበር ተባለ። ዶኛ ኦቲልያ መሰከረች፤ በዚያው ተዘጋ።»

«የዊልማር ዘመድ አለ?»

«እኅቱ ማርሌኒ። የጥራት መርማሪያችን ናት፤ ያቻት።»

ማርሌኒ ከመደርደሪያው ሳትዞር መለሰች። «ቃጫው የማን እንደሆነ ሕፃንም ይነግርዎታል።»

«ቅጠሉስ?»

«ቅጠል ቅጠል ነው።»

ዕድሜዋን ቅጠል ስትመርጥ የኖረች ሴት እንዲህ ማለቷ ኔሊን አስገረማት።

ሰርጀንቱ ሰዓቱን ማየት ሲጀምር ኔሊ ሁሉንም መምረጫ ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበች። ከግሪንሃውሱ አሁን የተቆረጠ ናና ለኦቲልያ፣ ለአርቤይና ለማርሌኒ አንዳንድ እፍኝ ሰጠቻቸው።

«እያወራሁ ያዙልኝ» አለች። «ቃጫው የዶኛ ኦቲልያ ነው፤ ናናው ግን አይደለም። እሳቸው ማሳ ላይ መስመር የሌለበት ቅጠል የለም። ይህ የመጣው ከሚረጭ ቦታ ነው፤ ከዚሁ ግሪንሃውስ።»

«ቁልፉ ያለው እኔና ማርሌኒ ዘንድ ነው» አለ አርቤይ ቀስ ብሎ። «እኔን ነው የሚሉት?»

«ቆይ። ሴቷ ዝንብ እንቁላል ከመጣሏ በፊት ቅጠሉን ትወጋዋለች። መርፌ የወጋው የሚመስል ነጥብ ይቀራል። ግሪንሃውስ ውስጥ ርጭት ቢኖርም ነጥቡ አለ፤ አይቻለሁ። ሟቹ አጠገብ በተገኘው እስር ላይ ግን አንድም የለም። ነጥብ የነበረበት ሁሉ አንድ በአንድ ተቀንጥሷል። ገዳዩ ናናው የአሮጊቷ እንዲመስል ፈልጎ ነበር። እንዲያ ከሆነ የተበላውን ቅጠል ነበር መምረጥ ያለበት። ነጥብ ያለበትን መጣል የለመደ እጁ ግን እምቢ አለው።»

ወለሉን አየች። ሁሉም አብረው አዩ። ከአርቤይ እግር ሥር ምንም የለም። ከኦቲልያም እግር ሥር የለም። የማርሌኒ ጫማ ላይ ግን ቅጠሎች ወድቀው ነበር። ኔሊ ጎንበስ ብላ አንዱን አነሳችና ወደ ብርሃን ያዘችው። ነጥቦች አሉበት።

ማርሌኒ ጣቶቿን የሌላ ሰው እንደሆኑ ሁሉ አየቻቸው።

«ወንድሜን ያስማገውን መድኃኒት አጠጣሁት» አለች። «አልጸጸትም።»

«ዶኛ ኦቲልያን ለምን ጨመርሽ?»

«እሱ በመድኃኒት ገደለው። እሷ ደግሞ ሬሳውን በምላሷ አረከሰችው። እናቴ ‹የሰካራም እናት› እየተባለች ገበያ መውጣት ተወች።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «ሰክሮ ነበር? ንገሪያቸው።»

ሰርጀንቱ ካቴናውን አወጣ። ኔሊ ክንዱን ያዘችው።

ኦቲልያ ናናውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ሊባርዶ ‹ከመሰከርሽ ማሳሽን አልነካም› ብሎኝ ነበር» አለች። «ብቸኛ ነኝ፣ ያ ማሳ ነው ያለኝ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«ጠብታ አልቀመሰም። ዋሽቼ ነው።»

«ጮክ ብለሽ።»

«ዊልማር አልሰከረም ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

«ጻፍ» አለች ኔሊ ሰርጀንቱን።

ሰርጀንቱ ጽፎ፣ አሮጊቷም አውራ ጣቷን አትማ እስክትጨርስ ማርሌኒ ጠበቀች። ከዚያ እጆቿን ለካቴናው ዘረጋች።