የእንድሪስ እርምጃ

ዘምዘም ካልሲውን ስታጠልቅ አሥሩም ጣቶቹ አንድ በአንድ ነቁ፤ እያንዳንዳቸው የእግሯን ጣቶች ለየብቻ አቅፈው በስሱ ጨመቁና ረጉ። በኮምቦልቻው የእርምጃ ቤተ ሙከራ ይህ ማንንም አያስደንቅም። ልማደኛ ፈትል፣ ማለትም የለባሹን አረማመድ እየተማረ ራሱን የሚያላላና የሚያጠብቅ ክር፣ ከተፈለሰፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። አዲሱ ነገር ካልሲው ባለጣት መሆኑ ነው። የዘምዘም ሥራ ካልሲውን አድርጋ በከተማው አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ስትመለስም የት እንደቆረቆራትና የት እንዳላባት ተናግራ መፈረም ነው። ከፈረመች በናሙናው ፈትል ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አርባ ሺህ ጥንድ ይገለበጣል።

እስከ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ምንም አልቆረቆራትም። ሁልጊዜ ውሃ የሚቋጥረው ትንሹ ጣቷ እንኳ ሰላም ነበር። የቦርከናን ድልድይ እንደተሻገረች ግን ግራ እግሯ መጎተት ጀመረ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ቀጥ ብላ ልታልፍ ስትል የካልሲው ጣቶች በለሆሳስ ጨበጧትና ወደ አቀበቱ መንደር አዞሯት። አላስገደዷትም፤ ሰው የልጅነት ሰፈሩ ሲደርስ ሳያስበው እንደሚታጠፍ ታጠፈች።

አረማመዱን አወቀችው። የእንድሪስ ነው። ሦስት ዓመት አብሯት ካልሲ የፈተሸው፣ ባለፈው ክረምት ጎርፍ የወሰደው ባልደረባዋ።

«ጋሽ ይመር» አለች ጆሮዋ ላይ ባለው መነጋገሪያ፤ «ይሄ ፈትል ከየት መጣ?»

የቤተ ሙከራው ኃላፊ በጥያቄ መለሱ። «ቆረቆረሽ እንዴ?»

«ኧረ ምንም! በእንድሪስ እግር ነው የምሄደው እንጂ።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማች። «እዚህ የቀረውን የሱን ካልሲ ተርትሬ ነው ያሠራሁት» አሉ። «ደንቡ የቀድሞው ልማድ እንዲጠፋ ይቀቀል ይላል። አንቺዬ፣ የሟች ልብስ በሰደቃ ለሰው ይሰጣል እንጂ ይቀቀላል? እጄ እምቢ አለኝ።»

«አርባ ሺህ ሰው ሊያደርገው ነው እኮ!»

«ካልፈረምሽ እቀቅለዋለሁ። ያኔ ከዚያ ልጅ በዚች ምድር የሚቀር ነገር የለም። እንግዲህ አንቺው ወስኚ።»

ይህን ሲሏት እግሯ በአንድ ክፍት የቆርቆሮ በር ይዟት ገባ። ለለቅሶ የመጣችበት ግቢ ነው። እንድሪስ ሙከራውን ሲጨርስ ካልሲውን ሳያወልቅ በቀጥታ ወደዚህ ይመጣ ነበር። እናቱ ጀርባቸውን ሰጥተው በርበሬ ይቀነጥሳሉ። የእግሯን ኮቴ ሲሰሙ እጃቸው ቀጥ አለ።

 ከዚያ ዞረው ሳያዩ «እሱ አይደለም» አሉ። «ማነሽ?»

«ዘምዘም ነኝ እማማ፣ የሥራ ጓደኛው። ይቅር ይበሉኝ፣ ካልሲው ነው ያመጣኝ። አረማመዱን ይዞት ቀርቶ...»

«አረማመዱስ የሱ ነው። እኔንም ሊያታልለኝ ነበር።» አንዲት በርበሬ አንስተው መልሰው ጣሏት። «ግን ልጄ እንዲህ ዘው ብሎ ገብቶ አያውቅም። አንዴ አምሽቶ መጣና ተቆጥቼ አባረርኩት። ከዚያ ወዲህ ደጃፍ ላይ ቆሞ ድምፄን ያዳምጣል። ቁጣዬ መብረዱን ሳያውቅ አይገባም። ጎርፍ በወሰደው ቀን ማለዳም ተጣልተን ነው የወጣው።»

ዘምዘም ወደ እግሯ አየች። ፈትሉ የሚማረው እርምጃን ብቻ ነው። ቆሞ መጠበቅን እንደ ዕረፍት ይቆጥርና ይዘለዋል።

«እስቲ ወጥተሽ ደጃፉ ላይ ቁሚልኝ» አሉ እናትየዋ፣ አሁንም ሳይዞሩ።

ወጣች። መቆም የሚያውቅ ካልሲ ግን አልነበረም። አሥሩም ጣቶች ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ይጎትቷታል። ጎንበስ ብላ ጫማዋንና ሁለቱንም ካልሲዎች አወለቀች።

«ጋሽ ይመር፣ አልፈርምም» አለች በሹክሹክታ። «መጠበቁን አልያዘውም፤ ይቀቀል።»

በባዶ እግሯ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ቆመች። እግሯን የሚመራው ማንም አልነበረም፤ እንዲሁ ጠበቀች። ከውስጥ የበርበሬው መቀንጠስ እንደገና ተሰማ፤ ከዚያ ቆመ።

«ግባ በቃ» አለ የእናትየዋ ድምፅ። «አልተቆጣሁም።»